ስክሪን የሌላት ኤምፒስሪ

ኤምፒስሪው የእኔ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። አባቴ ያለው «ቅዳሜ ጦር ኃይሎች ሄደን ኤምፒስሪ እንገዛለን፤ አብረሽኝ ትመርጫለሽ» ብቻ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ግን «ትመርጫለሽ» ስትባል «ያንቺ ነው» እንደተባለች ትሰማለች። በዚያ ላይ በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ከክፍሌ ሦስተኛ ወጥቼ ነበር። ሁለቱን ነገር ደመርኩና ድምሩ ልክ መጣልኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጊዜው ሁለት ሺህ አንድ ነው። ያኔ እኛ ሰፈር ስልክ ያለው ሰው ስልኩን የሚጠቀምበት ለመደወል ነበር፤ መዝሙርም ዘፈንም የሚሰማው በሌላ ነገር ነው። ከክፍላችን ኤምፒስሪ ያላት ኢፍቱ ብቻ ነበረች። አጎቷ ከዱባይ ያመጣላት፣ ስክሪኑ ባለቀለም፣ ሲነኩት ሰማያዊ የሚበራ። በእረፍት ሰዓት አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ራሷ ታደርግና ሁለተኛውን በተራ ታውሰናለች። ተራ የሚደርሰው ግን ለወደደችው ነው። እኔን ብዙም አትወደኝም ነበር።

አባቴ ደግፌ ይባላል። አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ መሃል፣ ብሎን ይሸጣል። ሱቁ ከአንድ ሚኒባስ አይሰፋም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ግን ብሎንና ዳዶ የሞላባቸው ቆርቆሮዎችና ካርቶኖች ተደርድረውበታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። መካኒክ የተቆረጠ ብሎን ይዞ ይመጣል። አባቴ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አንዴ ያሽከረክረውና «አሥራ ሦስት ቁጥር፣ ጥርሱ ደቃቅ» ብሎ እጁን ወደ ኋላው ሰዶ ያወጣለታል። ዞሮ እንኳ አያይም። ዱሮ መነጽሩን አድርጎ የካርቶኑን ጽሑፍ ያነብ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን መነጽሩን ትቶታል። እኔ ሙያው ከፍ ያለ መሰለኝና ትምህርት ቤት ጉራዬን ነዛሁበት።

ቅዳሜ ከአየር ጤና ሚኒባስ ይዘን ጦር ኃይሎች ወረድን። ከፌርማታው ወደ ሱቆቹ ስንሻገር አባቴ እጄን ያዘኝ፤ ጣቴን እስኪያመኝ ድረስ ጨብጦ። አሥር ዓመቴ እኮ ነው ብዬ አጉረመረምኩ። መኪናው ብዙ ነው፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን አንቺ ንገሪኝና እንሻገራለን አለኝ። ኃላፊነት የተሰጠኝ መሰለኝ። ግራና ቀኝ አይቼ «አሁን» አልኩ፤ ተሻገርን። መሃል መንገድ ላይ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ያን ዕለት ማን ማንን እንዳሻገረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሱቁ አዲስ ፕላስቲክ አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል። ሻጩ ፀጉሩን በጄል ያቆመ ወጣት ነው፤ ከጎን ሱቅ ያሉት «ሄኒ» እያሉ በየደቂቃው ስለሚጠሩት ስሙን ሳንጠይቅ አወቅነው። መስታወቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ዓይኔ አንዷ ላይ ተተከለ። ቀይ ናት። ስክሪኗ ላይ ብርቱካንማ ዓሣ ይዋኛል። ሄኒ ዓይኔን አይቶ ሳልጠይቀው አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ለአባቴ ጥቅሟን ዘረዘረለት፤ ቪዲዮ ታሳያለች፣ ፎቶ ትይዛለች፣ ጌም አላት፣ ቀለሙም ቀይና ሮዝ አለ። ከኢፍቱ ኤምፒስሪ ትበልጣለች። ሰኞን አሰብኩና በሁለት እጄ ያዝኳት።

አባቴ ከእጄ ተቀበለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በቤታችን ዓይን ሳይጨፈን የሚወሰን ነገር የለም። ቤት ስንቀይር ተጸለየ፤ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ተጸለየ። ፍሪጅ የገዛን ዕለት አባቴ ሻጩ ፊት ፍሪጁ ላይ እጁን ጭኖ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሞ፣ እናቴ ሰርኬ እንኳ በሐፍረት ወደ ማብሰያዎቹ ዞራ ነበር። ስለዚህ አባቴ ቀይዋን ይዞ ዓይኑን ሲጨፍን ምን እያደረገ እንደሆነ ለመገመት አልቸገረኝም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አውራ ጣቱ በዕቃዋ ገላ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። እኔም ላግዘው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና «ጌታ ሆይ፣ ቀይዋን» አልኩ በሆዴ።

ዓይኑን ሲገልጥ «ይቺ አይደለችም» አለ።

ሌላ መጣ፤ ጨፈነ፤ አይደለችም። ሌላ መጣ። አምስት ይሁን ስድስት አላስታውስም፤ በእያንዳንዷ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ አውራ ጣቱን ያስኬዳል፣ ይመልሳል። ሄኒ ግራ ገባው። ቀለሙን ጠልተውት እንደሆነ ጠየቀ። አባቴ ሳይታይ እንዴት ነው የሚከፈተው አለው። ሄኒ ስቆ፣ በንክኪ ነው ጋሼ፣ ስክሪኑን እያዩ ነው አለ። አባቴ ስክሪን አልፈልግም፣ ቁልፍ ያለው ስጠኝ፣ ቁልፉ ከፍ ብሎ የሚዳሰስ፣ ድምፅም የሚቀዳ ይሁን አለው። ሄኒ የቆየ ሞዴል ነው፣ ማንም አይጠይቀውም እያለ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ካርቶን ጎትቶ አወጣ።

ከውስጡ የወጣችው ግራጫ ናት። ድፍን፣ ድንቡሽ ያለች፣ ተጠቅመው የተዉት የሳሙና ቁራጭ የምታክል። ስክሪን የላትም። ቻርጀር የላትም፤ በትንሿ ባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው። ፊቷ ላይ አምስት ቁልፍ፣ ጎኗ ላይ ደግሞ አንድ መቅጃ አላት። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ፤ ይሄኛው ጸሎት ከሁሉም ረዘመ። ከዚያ ጎኗን ተጭኖ «ደግፌ ነኝ» አላት። እንደገና ተጫነና አንዱን ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገ። ፈገግ አለ። ሁለተኛውን ማዳመጫ ለእኔ ሰጠኝ፤ አባቴ ከሩቅ ሆኖ «ደግፌ ነኝ» ሲል ሰማሁ።

«ይቺ ናት» አለ።

እንባዬ መጣ። ሄኒ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ለልጅቷ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ። አባቴ «ለሁለታችን ነው» አለው። ሄኒ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ አባቴን ዝም ብሎ አየው፤ የተመለሰለትን ብር አንድ በአንድ በጣቱ ሲዳስስ ነበር የሚያየው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ሱፐር ግሉ ሙጫ አወጣና መቅጃው ቁልፍ ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አደረገ። «ሲደርቅ ይዳሰሳል ጋሼ፤ ከሌሎቹ ጋር አይምታታብዎትም» አለ። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ ደግሞ አሮጌነቷ ሳያንስ ከሱቁ ሳትወጣ መጠገን ጀመረች ብዬ ተንገበገብኩ።

ሰኞ ለኢፍቱ ምንም አልነገርኳትም። ለጎረቤታችን ልጅ ለማቲ ግን ሁሉንም ነገርኩት፤ አባቴ በእያንዳንዷ ላይ እንደጸለየና ጌታ ግራጫዋን እንደመረጠ። ማቲ ትንሽ አሰበና፣ ጌታ ኤምፒስሪ ላይ ምርጫ አያውቅም ማለት ነው አለኝ። ተስማማሁ።

አባቴ እየጸለየ አልነበረም። ቁልፍ እየቆጠረ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ አምስት ወር በፊት፣ ለዕቃ መርካቶ እሄዳለሁ ብሎ ከቤት ወጥቶ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ሐኪሙ የዓይኑ ነርቭ እየሞተ እንደሆነና የሞተው እንደማይመለስ ነግሮታል። መጀመሪያ ደቃቁ ፊደል፣ ቀጥሎ ትልቁ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። አባቴ ይህን ይዞ ቤት ገባ፤ ለማንም አልተናገረም። የፈራው ጨለማውን እንዳልሆነ በኋላ ነግሮኛል። የፈራው በርጩማ ነው። ከከፋ መጥቶ ኮልፌ ከትሞ የኖረው አያቴ በዚያው በሽታ ዓይኑ ሲጠፋ፣ ልጆቹ በፍቅር፣ ደጃፍ ላይ በርጩማ አወጡለት። አንተ አርፈህ ተቀመጥ አሉት። ተቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ ሞተ። አባቴ ሁለት የሚቆምባቸው ቦታዎች ነበሩት፤ አንዱ የብሎን ሱቁ፣ ሁለተኛው እሑድ እሑድ የሚያስተምርበት የቤተ ክርስቲያናችን መድረክ። ሱቁን በእጁ ይዞታል። መድረኩ ላይ ግን ማንበብ አለ። ከተናገረ በፍቅር ያስቀምጡታል። አገልጋዮቹ ፊት አውጥተው ይጸልዩለታል፤ ጸሎቱን አይጠላም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ «ተሻለህ?» ይሉታል፣ አልተሻለኝም ሲል የሚያዝኑት እነሱ ናቸው፣ የሚያጽናናቸው እሱ ነው። ስለዚህ የሚዳሰስ ቁልፍ ያላት ኤምፒስሪ ፈለገ። ሌላ የሚያስፈልገው አንባቢ ነበር፤ አንባቢዋ ሦስተኛ ወጥታለች።

እኔ የተነገረኝ «አንባቢ ላደርግሽ ነው» የሚል ነው። ረቡዕና ቅዳሜ መኝታ ቤት እንገባለን፤ እኔ አልጋው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግቼ፣ እሱ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ኤምፒስሪዋን ወደ አፌ አስጠግቶ። የእሑዱን ምዕራፍ አነባለሁ። ቀስ በዪ ይለኛል። አራት ነጥብ ላይ ተንፍሺ ይለኛል። ስሳሳት አጥፍተን እንደገና እንጀምራለን። እናቴ በሩን ከፈት አድርጋ አይታን ደስ ብሏት ትመለሳለች፤ የልጄ አማርኛ ይሻሻላል ባይ ናት። እኔ ግን ቅጣት ነበር የመሰለኝ። ቀይዋን ስለተመኘሁ፣ ዓለማዊ ነገር ስላማረኝ፣ ጌታና አባቴ ተመካክረው የፈረዱብኝ።

እነዚያ ቅጂዎች ዛሬም አሉ። ውስጣቸው ከእኔ ድምፅ ሌላ ብዙ ነገር አለ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከታች መስጊድ አዛን ሲል፣ «ቆራሌው» ብሎ የሚዞረው ሰውዬ በደጃችን ሲያልፍ። አንዱ ላይ እናቴ ከጓዳ ሆና ሽሮው ላይ ጨው አድርጌ ነበር እንዴ ስትል ይሰማል፤ አባቴ ማጥፋቱን ረስቶ አድርገሻል ይላታል።

የሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ የደረሰን ምዕራፍ ከሁሉም የከፋ ነበር። የፈረሰ የከተማ ቅጥር ሲሠራ ማን የትኛውን በር፣ ማን የትኛውን ድርሻ እንደጠገነ ከላይ እስከ ታች የሚዘረዝር ነው። ስም በስም ላይ፣ የእገሌ ልጅ የእገሌ ልጅ። አባቴ ደግሞ በጣም የሚወደው ምዕራፍ ነው፤ ብሎን ሻጭ ስለሆነ ይሆናል፣ በሮቹን ከነመወርወሪያቸው እያለ ይደሰታል። ውጭ ልጆች ሱዚ ይጫወታሉ። ማቲ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ያፏጫል፤ ያቺ ፉጨት የእኔ ናት፣ ነይ ማለት ናት። አባቴ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞሯል። ገጹን ቁልቁል አየሁት። ከምዕራፉ አራት ቁጥሮች ዘለልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ አንዱ ስም ላይ ቆሜ አራት ቁጥር ታች ያለው ላይ ቀጠልኩ። አባቴ ሳያስቆመኝ እስከ መጨረሻው ቀዳ። ያቺን ማታ እንቅልፍ በደንብ አልወሰደኝም፤ የእግዚአብሔርን ቃል የዘለለ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

አዳራሻችን ከዘነበወርቅ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ አግዳሚ። እሑድ ጠዋት ከዋናው ፕሮግራም በፊት ለጥናት የሚመጡት አርባ ሰው ገደማ ይሆናሉ። ሁሉም የየራሱን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አስተማሪው ከላይ ሲያነብ እነሱ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ይከተላሉ። አባቴ መድረኩ ላይ ቆሞ መጽሐፉን ከፈተ። ገጹን አስቀድሞ በቆረጣት ወረቀት ምልክት አድርጎበት ነበር። ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ያምራል፣ አራት ነጥብ ላይ ይተነፍሳል። እኔ ከእናቴ ጎን ሁለተኛው ወንበር ላይ ነኝ። የፈራሁት ቦታ እየቀረበ መጣ። አባቴ ያነበዋል፣ ቅዳሜ የዘለልኩት ይታወቃል ብዬ የእናቴን ቀሚስ ጨበጥኩ።

አባቴ እዚያ ደረሰና አራት ቁጥር ዘለለ።

ጣቶች በየገጹ ላይ ቆሙ። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። አንዱ ሌላውን በክርኑ ነካ አደረገው። አባቴ ትንሽ ቀጠለና ቦታው የጠፋባቸውን ሰዎች ድምፅ ሰምቶ አቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ መገርሳ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አናጢ፣ ለስለስ ያሉ ሰው። «ወንድም ደግፌ፣ ይቅርታ አድርግልኝና አራት ቁጥር ያህል የታለፈ መሰለኝ» አሉ። አባቴ ገጹን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። ጣቱ ወረቀቱ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ የሚፈልገውን አያገኝም።

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ አውቆብኛል። ቅዳሜ ያጠፋሁትን ጥፋት ዛሬ እዚህ፣ በጉባኤ ፊት፣ ራሱ ደግሞ እያሳየኝ ነው። ራሴ ተነስቼ እስክናገር እየጠበቀኝ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያጠፋ ሰው ቆሞ ይናገራል፤ ስንቴ አይቻለሁ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ትናንት ስቀዳለት እኔ ነኝ የዘለልኩት። ማቲ እየጠራኝ ነበር። አባዬ፣ ይቅር በለኝ።»

አርባው ሰው ወደ እኔ ዞረ። እናቴ አልዞረችም። እሷ የምታየው አባቴን ነው። ጣቱን ነበር የምታየው።

አባቴ መጽሐፉን ዘጋው። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል። «ልጄ እውነቷን ነው» አለ። «እኔ እያነበብኩ አይደለም። ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ ሦስተኛ ወሩ ነው። እሷ ትቀዳልኛለች፣ እኔ እየሰማሁ አጠናለሁ። ስላልነገርኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከዚያ ከመድረኩ ሊወርድ በእግሩ ደረጃውን መፈለግ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ገብቶኝ አልነበረም ያለቀስኩት፤ አባቴን ከዚያ ያወረድኩት እኔ ስለመሰለኝ ነው። በእርግጥም እኔ ነበርኩ።

ጋሽ መገርሳ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ወዴት ነው?» አሉት።

«ልቀመጥ ነው።»

«የቀረውን ይዘኸዋል?»

«እስከ መጨረሻው ይዤዋለሁ፤ ልጄ ካልዘለለች።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሳቁ ደግ ነበር። ጋሽ መገርሳ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ጨርስልን። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አሉና የዘለልኳቸውን አራት ቁጥሮች ቀስ ብለው አነበቡ። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም፤ እናቴ ስባኝ ፊቴን ቀሚሷ ላይ ደፍቼ ነበር። ሲጨርሱ «ቀጥል» አሉት። አባቴ እግሩን ከደረጃው መለሰና ቀጠለ። መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለተኛው በር ላይ ሲደርስ ቀና አለ። የዚያን ዕለት የተዘጋው መጽሐፍ እጁ ላይ እንደሆነ እስከ መጨረሻው አስተማረ።

ጸለዩለት፤ በየሳምንቱም «ተሻለህ?» አሉት፣ እንደፈራው። እሱም መልስ አበጀ፤ የእኔ ዓይን እንዳለ ነው፣ እናንተስ ቁጥር መዝለል ተዋችሁ ወይ ይላቸዋል።

እናቴ ግን እንዲህ በቀላሉ ይቅር አላለችውም። የዚያን እሑድ ቤት ገብተን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስምንት ወር ነው ስትል ሰማሁ፤ ስምንት ወር ሙሉ አጠገቤ ተኝተህ። አባቴ የአያቴን በርጩማ አነሳባት። ከዚያ በፊት እናቴ በአባቴ ላይ እንደዚያ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። «እኔ በርጩማ አውጥቼልሃለሁ? ጠየቅከኝ? ልጅቷን አንባቢ ስታደርግ እኔ ማንበብ አልችልም ያለህ ማን ነው?» አለችው። ጫማዋን አወለቀች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋችና «አምጣት እስቲ፤ የቱ ጋ ነው የሚጫነው?» አለች። አባቴ ኤምፒስሪዋን ከኪሱ አውጥቶ የእናቴን አውራ ጣት ያዘና የሄኒ ሙጫ ጠብታ ላይ አሳረፈው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የእኔ፣ ረቡዕ የእሷ ሆነ። የሱቁን ካርቶኖች ቦታ ሳይቀር ቀዳችለት፤ «ከላይ ሁለተኛው፣ ስምንት ቁጥር፣ አጭሩ» እያለች። ማቲ ስለ ጌታ ምርጫ የተናገርነውን አንስቶ ይቅርታ እንጠይቅ እንዴ አለኝ። ጠየቅን፤ ከአጥሩ ሥር፣ ዓይናችንን ጨፍነን።

አሁን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ነው። ባንክ ነው የምሠራው። አባቴ አየር ጤና አለ፤ ብሎን ይሸጣል። ዛሬ የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ መካኒኮቹ ግን ከማንም ሱቅ በፊት እሱ ጋ ነው የሚመጡት። አምና የሚናገር ስልክ ገዛሁለት፤ መልእክት ያነብለታል፣ ሰዓት ይነግረዋል፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በሙሉ በጥሩ አንባቢ ድምፅ ያሰማዋል። አመሰገነኝ። ይደውልበታል። ሰውዬው ግን ሲያነብ አይተነፍስም ይላል፣ አራት ነጥብ አያውቅም። ግራጫዋ በላስቲክ ታስራ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ናት።

ባለፈው ወር ከሥራ ወጥቼ ሱቁ ጎራ አልኩ። ከጎን ያለው ጋራዥ ብረት እየቆረጠ ስለነበር ኮቴዬን አልሰማም። መደርደሪያው ሥር ተቀምጦ የተደባለቁ ብሎኖች ይለያል፤ ኤምፒስሪዋ ትንሿ ስፒከር ላይ ተሰክታለች። ድምፄን ሰማሁት። ቀጭን፣ ችኩል፣ የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ፤ እገሌ የእገሌ ልጅ ይህን በር ሠራ እያለ። ያ ምዕራፍ ነው። የጋራዡ መቁረጫ ዝም አለ። ልጅቷ እዚያ ስም ላይ ስትደርስ አባቴ አውራ ጣቱን ጫነና አቆማት። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ብሎን ሳይለቅ የዘለልኳቸውን አራት ቁጥሮች በቃሉ አላቸው፤ እያንዳንዱን ሰው ከነድርሻው። አንደኛው ሰው የቅጥሩን ድርሻ የሠራው ከሴት ልጆቹ ጋር ነው። እሱና ሴት ልጆቹ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንደዘለልኩ ተመልሼ አይቼ አላውቅም ነበር።

ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ገባሁ። ሰላም ተባባልን፤ ጉንጬን በመዳፉ ዳሰሰ። ያን ምዕራፍ ዛሬ ማታ እንደገና ልቅዳልህ፣ ሳልዘል፣ እንደ ሰው አልኩት።

«አይሆንም» አለኝ። «እዚያ ጋ ተራው የእኔ ነው።»

አውራ ጣቱ ቁልፉን ፈልጎ አገኘው። ልጅቷ ካቆመችበት ቀጠለች፤ ከኋላዋ ማቲ ያፏጫል።